ሟች ከቦታው አይነቃነቅም

በ2071 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት መርዶ አድርሼ ስመለስ ሦስተኛው ተላከልኝ። ሁለቱ ቀላል ነበሩ። የመጀመሪያው ሟች የዘጠና ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቻቸው ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲጠብቁኝ ደረስኩ። ዘገየሽ ብለው ሊቆጡኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሁለተኛዋ ተቀባይ የሟች እህት ነበረች። "ወንድምሽን ትንሽ አሞት ነበር" ስላት ቀሪውን ሳትሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የቀረውን ግን መናገር ነበረብኝ፤ ደንቡ ሦስቱም ደረጃ እንዲነገር ያዛል። መጀመሪያ አሞት ነበር፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ በመጨረሻ አርፏል።

ዘምዘም አራጋው እባላለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። በሐረጎ ከተማ የመርዶ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ባለፈቃድ መርዶ ነጋሪ ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ተገናኝተው በመሀላቸው የነበረው ተራራ ከተማ ከሆነ ወዲህ እዚሁ ነው የምሠራው። ሥራው የራሱን ጸባይ ያስለምዳል። የሰው በር ከማንኳኳቴ በፊት ከውጭ "ለደህና ነው" ብዬ እጣራለሁ፤ ያለዚያ ቤቱ ይሸበራል። ሽንኩርት ልገዛ ስቆም ነጋዴዋ ዓይኔን ሳታይ ትመዝንልኛለች። በኬብል መኪናው ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ስለሌለ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ። የገዛ እህቴ እንኳ ስደውልላት "ሃሎ" አትልም፤ "ማን?" ነው የምትለኝ፤ ማን ሞተ ማለቷ ነው።

ሕጉን የሚረግሙት ብዙ ናቸው። እኔ ከሚረግሙት ወገን አልነበርኩም። ድሮ የነበረውን የማያውቅ ሰው ነው የሚረግመው። ሰው ሲሞት ሁላችንም እጃችን ላይ የምናስረው አምባር ለዘመዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መልእክት ይልክ ነበር። እናት መንገድ እየተሻገረች የልጇን ሞት ታነብ ነበር። ሆስፒታሎችም ቤተሰብ ሳይሰማ አስከሬን ከከተማ ከተማ ያጓጉዙ ነበር። በ2049 ሕጉ ወጣና ነገሩ ሥርዓት ያዘ። መርዶ በሰው አፍ ብቻ ይነገራል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ከነገረ ይቀጣል፤ ሟችም መርዶው ለቤተሰቡ ሳይደርስ ከቦታው አይነቃነቅም። ይህ የመጨረሻው ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

እንዲያውም አንቀጽ አሥራ አራትን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በአርቃቂ ኮሚቴው ውስጥ ታናሿ እኔ ነበርኩ። አንቀጹ "የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፤ ሙቀቱ ከሠላሳ ስምንት በታች እስኪሆን ይጠበቃል" ይላል። እናቴ በሳንባ ምች ተኝታ ሳለ የአጎቴ ልጅ አልጋዋ ድረስ ገብቶ የወንድሜን ሞት ነገራት፤ በሦስተኛው ቀን እሷንም ቀበርናት። እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ኮሚቴው አንድ ቃል ሳይለውጥ ተቀበለኝ፤ እኔም ለዓመታት ስኮራበት ኖሬያለሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት ደግሞ አንዲት ሴት አርግዛ ስድስተኛ ሳምንቷ ላይ ስትደርስ ለፅንሱ የራሱ የነዋሪነት ቁጥር እንዲሰጠው ተወሰነ። ለክትባቱም፣ ለትምህርት ቤቱም አስቀድሞ ቦታ ለመያዝ ይመቻል ተባለ። ቁጥር ያለው ሁሉ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ልቡ ሲቆም ሟች ይባላል። ሟች ደግሞ ከቦታው አይነቃነቅም። ነገሩን ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ያሰበው ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩትም።

የማክሰኞው ሦስተኛ መርዶ አምባሬ ላይ እንዲህ ተጽፎ መጣ፦ የማሕፀን ነዋሪ፣ አሥራ ዘጠኝ ሳምንት፣ ቀዳሚ ተቀባይ እናት፣ ቦታ የሐረጎ ሁለተኛ ሆስፒታል። እስከዚያ ቀን የማሕፀን ነዋሪ ደርሶኝ አያውቅም። ለዚያ የተመደቡ አራት ባልደረቦች አሉን፤ ምሳ ሲበሉም ለብቻቸው ነው የሚበሉት። ከአራቱ ሁለቱ ሥራ ለቀው ስለነበር ነው ወደ እኔ የዞረው።

የሆስፒታሉ በር ላይ በትልልቅ ፊደል "ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለዎት። ማንም አይከለክልዎትም" ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው የሚባል ሰው ቆሟል። የኬብል መኪና ጥገና ሠራተኞች የሚለብሱትን ቢጫ ቱታ ለብሷል። የመርዶ ነጋሪ ጥቁር ሻሼን ሲያይ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። በእኛ ሥራ ሰው ከእኛ ይሸሻል እንጂ ወደ እኛ አይሮጥም።

"ለራህመት ነው የመጡት?" አለኝ።

"አንተ ማን ነህ?"

"ባሏ ነኝ፣ እንድሪስ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንዳያት አልፈቀዱልኝም። ፈቃድ የለህም፣ አፍህ ያመልጥሃል አሉኝ።"

"ምን ነገሩህ?"

"ምንም። ሁለተኛ ተቀባይ ነህ፣ ከእሷ በኋላ ነው የሚነገርህ አሉኝ። እትዬ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? ሽርት ውሃዋ ፈስሶ፣ ደም እየፈሰሳት ነው ተሸክሜ ያመጣኋት።" ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ጽሑፉ ቀሰረ። "ይሄን አይተውታል? ለዘበኛው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አልተከለከለችም እኮ፣ አልጋ ይዛለች አለኝ።"

"አብሽር" አልኩት። ከዚህ በላይ እንድል ሕጉ አይፈቅድልኝም።

ዶክተር ማስረሻ የሚባለው ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ግን የሽማግሌ ዓይን ሆኗል። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰውም።

"ወይዘሮ ዘምዘም፣ ባጭሩ ልንገርዎት። የፅንሱ ልብ ከቆመ አሥራ አራት ሰዓት ሆኖታል። ማሕፀኗ ኢንፌክሽን ይዟል። መጽዳት አለበት፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ካልጸዳ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ይገባል። መግባትም ጀምሯል። ለማታ አትደርስም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?"

ቀና ብሎ አየኝ። የምቀልድበት መስሎት ነበር።

"እርስዎን ነዋ" አለኝ።

ወደ ማጽጃ ክፍሉ ወሰደኝና አምባሩን ወደ በሩ አስጠጋ። በሩ ላይ "ሟች ከቦታው አይነቃነቅም። መርዶው አልደረሰም" የሚል ጽሑፍ በራ። እንደገና አስጠጋ፤ እንደገና ያንኑ ጻፈ። የሟቹ ቦታ የት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ደነገጥኩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳስደነግጥ የኖርኩ ሴትዮ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

"የሚያስወጣ መድኃኒትስ የለም?" አልኩት።

"አለ። የመድኃኒቱም ሳጥን በዚሁ ፋይል ነው የሚከፈተው። አምና አንድ ጓደኛችን በሩን በብረት ፈልቅቆ ገባ። ሴትዮዋ ተርፋለች። እሱ ማረሚያ ቤት ነው።"

"በል አሁን ልግባና ልንገራት።"

"ሙቀቷ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነው።"

"መቼ ነው የሚወርደው?"

"ሲጸዳላት" አለኝ።

አንቀጽ አሥራ አራት ቃል በቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ይነበብ ጀመር።

"አንቀጹን የጻፈውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር" አለ ዶክተሩ። እኔ ነኝ አላልኩትም። ማለት ነበረብኝ፤ ግን አላልኩትም።

ለኃላፊዬ ደወልኩ። ልዩ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አምርሮ አዘነ፤ ወዲያው ማመልከቻውን ራሱ ሞላልኝ። ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ ሐሙስ ይሰበሰባል አለኝ። ለማታ አትደርስም የተባለችን ሴት ለሐሙስ ቀጠሮ አስያዝኩላት ማለት ነው።

የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ዶክተሩና ሁለት ነርሶች ሙቀት የሚያወርድ መርፌ ወጓት፤ አንሶላ በበረዶ ውሃ እየነከሩ አለበሷት። "ትናንትም እንዲሁ አድርገን ለአሥር ደቂቃ ወርዶልን ነበር" አለኝ ዶክተሩ። "ግን የእናንተ ሰው አልነበረም። ወረፋ ላይ ናችሁ አሉን።" እኔ በራፉ ላይ ተቀምጬ በመስታወቱ በኩል አያታለሁ። የምትንቀጠቀጠው ከሩቅ ይታያል። አምባሯ ላይ ያለው ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ፤ ሠላሳ ስምንት ተኩል ሆነ፤ እዚያው ቆመ። ነርሶቹ አንሶላውን ቀየሩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ገባ።

"አሁን ይግቡ" አለኝ ዶክተሩ። "ቢበዛ አሥር ደቂቃ አለዎት። ከሠላሳ ስምንት ካለፈ ፋይሉ ይቆለፋል።"

ራህመት የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ጸጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሻሼን ስታይ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እጇን ያዝኩ፤ እንደ ደንቡ ከራስ ጤና፣ ከአየሩ ጠባይ ጀመርኩ። ከዚያ "በሆድሽ ያለውን ልጅ ትንሽ አሞት ነበር" አልኳት። እንዲህ ሲባል ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ የራሴን ድምፅ ስሰማ አፈርኩ።

"እትዬ፣ ይተዉት አይድከሙ" አለችኝ። "ሞቷል። አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ትናንት ማታ እዚህ ስንደርስ አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድም ሰው ዓይኔን አላየኝም። ነርሷ ስትገባ ስለ አየሩ ነው የምታወራኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"እንድሪስ አባቱን ከቀበረ ወር አልሞላውም" አለች። "ከሰው አፍ ከሚሰማ ቀስ ብዬ እኔ ልንገረው ብዬ ነው። ደህና ነኝ ስላቸው የቆየሁት ለእሱ ነው። እንዳይደነግጥብኝ።"

እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷም ከእኛ ትደብቅ ነበር ማለት ነው። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ያውቃል፤ እሷ አልጋ ላይ ተኝታ ታውቃለች፤ ሐኪሙ ያውቃል። የማያውቀው በሩ ብቻ ነው። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ካወቀች አለቀ ብዬ ቀና ብዬ አምባሯን አየሁ። "መርዶው አልደረሰም" ይላል።

አምባሩ መርዶ መድረሱን የሚያውቀው በልብ ነው። ድሮ ሰነፍ ነጋሪዎች ቤት ሳይሄዱ ነግረናል እያሉ ስለሚፈርሙ ነው ይህ የመጣው። የተቀባዩ ልብ በድንገት ካልዘለለ መርዶው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። እንደ ጠዋቶቹ ልጆች ሞቱን የሚጠብቅ ሰው እንኳ ቃሉን ሲሰማ ልቡ ይዘላል። የራህመት ልብ ግን ድንጋጤውን ትናንት ማታ ብቻዋን ጨርሶታል።

"ልጅሽ ሞቷል" አልኳት፤ ደረጃውን ሁሉ ትቼ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ራህመት፣ ልጅሽ ሞቷል እያልኩሽ ነው።"

"ሰምቻለሁ።" ወደ አምባሯ አየች፤ ቶሎ ገባት፤ አስተማሪ አይደለች እንዴ? "መደንገጥ አለብኝ?"

"አዎ።"

"እንዴት ነው የሚደነገጠው?" አለችኝ። የምሯን ነበር የጠየቀችኝ። ዓይኗን ጨፍና፣ አየር ስባ ለመደንገጥ ሞከረች። ሁለት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ አንሶላው ላይ ትንሽ ደም አየሁ፤ እሷም አየችው፤ ለዚያም አልደነገጠችም።

"ነጥብ ዘጠኝ ላይ ነው፤ እየወጣ ነው" አለ ዶክተሩ ከበሩ። ነርሶቹ አዲስ አንሶላ ይዘው ቆመዋል፤ በረዶው ግን አልቋል።

አሁን ያደረግሁትን አንድ በአንድ ልናገር። አላሰብኩበትም የሚል ምክንያት የለኝም፤ አስቤበታለሁ። እናቷም አባቷም በልጅነቷ እንደሞቱ ፋይሉ ላይ አንብቤያለሁ። ወንድም እህት የላትም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። ሻሼን አስተካከልኩ። የሥራ ድምፄን አወጣሁ፤ ከሌላው ድምፄ ዝቅ ይላል፣ ዝግ ይላል።

"ራህመት፣ ልጄ" አልኳት። "እንድሪስን ትንሽ አሞት ነበር።"

ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልተናገርኩም። በዚህ አገር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ሻሼን አየች። ፊቴን አየች።

"የኬብል መኪናው ገመድ ላይ ነበር?" አለች።

እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ ጮኸች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጩኸት ሰምቻለሁ፤ ያንን ግን የሠራው ሌላ ሰው አልነበረም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። የተያዘ እጇን ነጥቃ ሻሼን ጨበጠችና "እኔ ሳላየው? ከበር ላይ መልሰውት? እኔ ሳላየው?" አለችኝ። አምባሯ አረንጓዴ በራ። ከኮሪደሩ ማዶ የማጽጃ ክፍሉ በር ሲከፈት ተሰማ። ነርሶቹ አልጋውን እየገፉ ሮጡ፤ ሻሼ በእጇ እንደተጨበጠ አብሯት ሄደ።

እኔ እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ። መርዶ ነጋሪ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለአዲስ ሠልጣኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን፣ ከስም ጥሪ በኋላ ወዲያው የምላቸው በሕይወት ባለ ሰው ላይ መርዶ አይነገርም ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ሠልጣኝ ይህንን ማን ያደርገዋል ብሎ ሲስቅ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዶክተር ማስረሻ ወጣ። ጓንቱን እያወለቀ አጠገቤ ተቀመጠ። ከደረስኩ ጀምሮ ሲቀመጥ ያየሁት የመጀመሪያው ነው።

"ትተርፋለች" አለኝ። "ሌላ አንድ ሰዓት ብንቆይ ኖሮ ግን እንጃ።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

"ማንን ገደሉ?" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"ለማስደንገጥ ማለቴ ነው። ጩኸቷን ሰምቼ፣ ማንን ብለዋት ይሆን ብዬ ነው።"

"ባሏን" አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። "ከባዱን ነው የያዙት። አብዛኞቹ እናት ነው የሚገድሉት። እናት ከሌለች አባት። ባል የሚያስቸግረው በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው።"

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት፤ ደገመልኝ። ሰውየው የሚያወራው ስለ መርፌ መጠን የሚያወራ ሐኪም በሚያወራበት ድምፅ ነው።

"ከመስከረም ወዲህ እዚህ ክፍል ዘጠነኛዋ ነዎት" አለኝ። "ባልደረቦችዎ አልነገሩዎትም?"

አልነገሩኝም። ለብቻቸው ነው ምሳ የሚበሉት። ጽሕፈት ቤታችን በየወሩ የሚያወጣው ሪፖርት ላይ የማሕፀን ነዋሪ መርዶ መቶ በመቶ ደርሷል ይላል፤ በስብሰባ ላይ ተነስቼ ያመሰገንኳቸው እኔው ነበርኩ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኩት። አላፈጠጠብኝም፣ አልተቆጣም። "አንድ ቀን ቀይሩት እንግዲህ" ብሎኝ ተነስቶ ሄደ፤ ሌላ አልጋ ላይ ሌላ ሴት ትጠብቀው ነበር።

እንድሪስን ከበሩ አስጠሩልኝ። መርዶው ስለደረሰ አሁን መግባት ተፈቅዶለታል። ከመግባቱ በፊት ግን ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ ነበረበት፤ ሚስቱ ስትነቃ የሞተ ባሏን አጠገቧ ማየቷ ነው። ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩትና ነገርኩት። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ለዚህ የሚሆን ደረጃ የለንም።

"እኔን?" አለኝ።

"አንተን።"

"ሞቷል አሏት?"

"አሞት ነበር ነው ያልኳት።"

"ያው ነው እኮ፣ እትዬ" አለኝ።

"ያው ነው" አልኩት።

በሁለት እጁ ጉልበቱን ያዘ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝም አይከፋኝም ነበር። "ጮኸች?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ጮኸች" አልኩት። ያን ጊዜ እሱ ማልቀስ ጀመረ። ተርፋለች ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩለት፤ አዎ አዎ እያለ ያለቅሳል።

ራህመት አሥር ሰዓት ላይ ነቃች። እንድሪስ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ከግርጌዋ ቆሜያለሁ። ዓይኗን ስትገልጥ አየችው። አልጮኸችም። እጇን አውጥታ ጆሮውን ነካች፤ ቀጥላ የቱታውን ዚፕ፣ ቀጥላ ጆሮውን እንደገና።

"አለሁ" አላት እንድሪስ። "አለሁ፣ ራሂ። ምንም አልሆንኩም። እንዲሁ ነው ያሉሽ።"

ወደ እኔ ዞረች። "አላመመውም?" አለችኝ።

"አላመመውም ልጄ። ይቅር በይኝ። ዋሽቼሽ ነው።"

"ውሸት ነው?"

"ውሸት ነው። በሩን ለማስከፈት ነው። ሌላ መንገድ አጥቼ ነው።"

ፊቷ ተፈታ። ሳቀች ልበል? ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ከደረቷ ወጣ። እንድሪስን በአንገቱ ስባ ትከሻው ላይ ተደፋች፤ ውሸት ነው እኮ፣ ውሸት ነው እኮ ትለዋለች። እኔም እፎይ አልኩ። ይቅር ባይሉኝም ሥራዬን ጨርሼ ልወጣ እችላለሁ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

"እትዬ" አለችኝ።

ዞርኩ። ከእንድሪስ ትከሻ ቀና ብላለች። አንድ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆዷ ላይ ነው።

"ልጁስ?"

"ምን?"

"የልጁስ? እሱንም ያሉኝ ለማስደንገጥ ነበር?"

"አንቺው ራስሽ አውቃለሁ ብለሽኝ አልነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ነኝ?" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ጊዜ ሞቷል ብዬ ጠረጠርኩ እንጂ። እርስዎ መጡና አዎ ሞቷል አሉኝ። አሁን ደግሞ የዋሸሁሽ ለበሩ ነው ይሉኛል።" ድምጿ ይፈጥን ጀመር። "በረዶውም፣ መርፌውም፣ ለበሩ ነው አይደል? ምናልባት ፅንሱን ሳይነኩት ቁስሉን ብቻ አጽድተውልኝ ይሆናል።"

እንድሪስም ያየኛል። እሱም ያንኑ ተስፋ ይዞ ነው የሚያየኝ። ሁለተኛ ተቀባይ ነው፤ ስለ ልጁ በወጉ የነገረው ሰው እስካሁን የለም። እኔ ለእሱ የነገርኩት የራሱን መርዶ ብቻ ነበር።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ሻሽ የለኝም፤ ከእሷ ጋር ገብቶ የት እንደጣሉት አላውቅም። የሥራ ድምፄን ፈለግሁት፤ አልመጣም።

"ልጃችሁ ሞቷል" አልኳቸው። "ይሄኛው ውሸት አይደለም።"

"እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነኝ፣ ልጄ። ትናንት ማታ ነው የሞተው።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየች። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት፤ እውነት የሚናገር ሰው እንዴት እንደሚያይ ለማሳየት ሞከርኩ። ከዚያ የባሏን እጅ አጥብቃ ያዘች።

"እንድሪስ፣ ሌላ ሰው ጥራልኝ" አለችው። "ሌላ ሰው መጥቶ ይንገረኝ።"